አይተሽ ነው ወይስ መስሎሽ?

ፊልሙ ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ባለቤቴ ሪሞቱን አንስቶ ያቆመዋል። ከዚያ ሁለት ቁራጭ ወረቀትና ሁለት እስክሪብቶ ይመጣል። ገዳዩ ማን እንደሆነ እሱም ይጽፋል፣ እኔም እጽፋለሁ። መኮራረጅ የለም። ወረቀቶቹን አጣጥፈን ጠረጴዛው ላይ እናስቀምጥና ጭቅጭቁ ይጀምራል። «ሚስትየዋ ናት» ስለው «መቼ ገባች? በየት በር?» ይለኛል። «ጸሐፊው ነው» ሲለኝ «ምን ሊጠቀም?» እለዋለሁ። አንዳንዴ ጭቅጭቁ ከፊልሙ ይረዝማል። ፊልሙን ሳንጨርሰው የተኛንበትም ቀን አለ።

ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመት አልፎናል። ልማዱን ያመጣው እሱ ነው። ሥራው ኦዲት ነው። ቀኑን ሙሉ ሰነድ ከሰነድ ሲያመሳክር ይውላል። ማታም ያው ነው፤ ለሰው ፊት ብዙ ቦታ አይሰጥም። እኔ አስተማሪ ነኝ። ሰው ሲዋሽ ድምፁ ውስጥ የሚለወጠውን ነገር እሰማለሁ ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ አንድ ፊልም እያየን የምናየው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። እሱ ሰዓት ይቆጥራል፣ እኔ ዓይን ዓይናቸውን አያለሁ።

ከሁሉም አብልጠን የምንወደው ባልና ሚስት አብረው የሚመረምሩበትን ታሪክ ነው። አጀማመሩ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። አንድ ባለጸጋ በገዛ ቤቱ ሞቶ ይገኛል። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ወራሾቹ ብዙ ናቸው። ሁሉም አዝነዋል፤ ሁሉም የሚደብቁት ነገር አለ። ባልና ሚስቱ ይመጡና አንዱ ሳሎን ቁጭ ብሎ ሲጠይቅ ሌላዋ ጓዳ ገብታ ትሰማለች። ማታ መኝታ ቤታቸው ገብተው ቀን ያዩትን ይነጋገራሉ። እኔ የምጠብቀው ያንን የማታውን ወሬ ነው። ነገሩ የሚፈታው እዚያ ነው።

ሟቹ ሁልጊዜ ሀብታም የሚሆነው ለምንድን ነው ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ። ታሪኩን ለማሳመር ብቻ አይመስለኝም። ድሃ ሲሞት ብዙውን ጊዜ ነገሩ እዚያው ያበቃል። የባለጸጋ ገንዘብ ግን ከባለቤቱ ጋር አይቀበርም። ወደ አንድ ሰው እጅ መግባት አለበት። በዚያ መንገድ ላይ የቆመ ሁሉ ምክንያት አለው ማለት ነው።

እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በኒው ዮርክ ግዛት ፍራንሲስ ፓልመር የሚባል ሰው ነበር። ለሁለት ሴት ልጆቹ ትንሽ ትንሽ ትቶ የቀረውን ሀብቱን ለልጅ ልጁ ለኤልመር ተናዘዘ። ልጁ የሚኖረው ከአያቱ ጋር፣ እዚያው ቤት ነው። በኋላ ሽማግሌው ሌላ ሚስት አገባ፤ ኑዛዜውንም ሊለውጥ እንደሚችል ፍንጭ ሰጠ። በ1882 ኤልመር፣ ገና በ16 ዓመቱ፣ አያቱን በመርዝ ገደለ። ክርክሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኑዛዜው ሕጋዊ ነበር፤ ሕጉ ላይም ገዳይ አይወርስም የሚል ቃል አልተጻፈም። በ1889 የግዛቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ማንም ከገዛ ወንጀሉ መጠቀም የለበትም ብሎ ውርሱን ከለከለው። የሕግ ተማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

እኔን ግን ፍርዱ ብዙም አልያዘኝም። እንቅልፍ የነሳኝ እዚያው ቤት መኖሩ ነው። ጠዋት ጠዋት እንደምን አደርክ ይባባሉ ነበር። የሀብታም ሰው ግድያ ከላይ ሲያዩት የገንዘብ ጉዳይ ነው፣ ገባ ሲሉ ግን የቤት ገመና ነው። በቤት ውስጥ ሰው እንዴት ዝም እንደሚል፣ በር ሲዘጋ የተናደደና ያልተናደደ እጅ እንዴት እንደሚለያይ፣ «ምንም አልሆንኩም» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ማን ነው? ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ስር ዓመታት የኖረ ነው። ባለትዳር መርማሪዎች ሲመጡ ይህን እውቀት ይዘው ነው የሚመጡት።

ሌላም ነገር አለ። ብቻውን የሚመረምረው ሊቅ አብዛኛውን ጊዜ አጠገቡ የሚያደንቀው ጓደኛ ይኖረዋል። ጓደኛው የሚጠይቀው ሊቁ እንዲያብራራ ነው። ሚስት ግን ባሏን ቀኑን ሙሉ ስታደንቅ አትውልም። ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ የሚረሳውን ሰው ታውቀዋለች። ባልም እንደዚያው። ስለዚህ አንዳቸው «ደረስኩበት!» ሲሉ ሌላኛው ቀና ብሎ «እስቲ እንደገና ንገረኝ» ይላል።

የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲዋ አጋታ ክሪስቲ በ1922 ቶሚና ታፐንስ የተባሉ፣ በኋላ የሚጋቡ ሁለት ወጣቶችን ጽፋ አወጣች። በ1973 በወጣው መጽሐፏ እነዚያው ሰዎች አርጅተው፣ የልጅ ልጅ አይተው፣ አሁንም አብረው ይመረምራሉ። ሃምሳ አንድ ዓመት! ከእሷ ገጸ ባሕርያት ሁሉ እንደ ሰው አርጅተው ያየኋቸው እነሱን ነው። እሷ ራሷም ትዳር ውስጥ ሆና ከባሏ ጋር ትቆፍር ነበር። ቃል በቃል ነው የምላችሁ። በ1930 ያገባችው ማክስ ማሎዋን አርኪዮሎጂስት ነው። ኢራቅ ውስጥ ኒምሩድ ላይ ከጭቃ የሚወጡትን የጥንት የዝሆን ጥርስ ቅርጻ ቅርጾች በራሷ የፊት ክሬም ታጸዳ ነበር። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። የፊት ክሬም ጭቃውን ፈንቅሎ ቅርጹን እንደማይጎዳ የምታውቅ ሰው ከቁፋሮው አጠገብ መገኘቷ ደስ አለኝ።

«ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ» እንላለን። አባባሉ ለፍቅር ያምር ይሆናል። ለምርመራ ግን አይሆንም። ከአንድ ባሕር የተቀዳ ውሃ አንድ ዓይነት ጣዕም ነው ያለው። ጥንድ መርማሪ የሚጠቅመው ሁለቱ ሲለያዩ፣ ተለያይተውም አንድ ክፍል ውስጥ መቆየት ሲችሉ ነው። ይህን የተማርኩት ከፊልም አይደለም።

በተጋባን በሦስተኛው ዓመት እናቴ የሰጠችኝ የአንገት ሐብል ጠፋ። ቀጭን የወርቅ ሐብል ነው፤ መቆለፊያው ትንሽ ይይዛል። በዚያ ሰሞን አንዲት ዘመዳችን እኛ ቤት አርፋ ነበር። ሃያ ዓመት ያልሞላት፣ ገና ሥራ የጀመረች ልጅ። ሐብሉን ሳጣው ሳጥኑን ገለበጥኩ፣ ልብሶቼን አራገፍኩ፣ አልጋውን ጎተትኩ። የለም። ከዚያ ሳላውቀው ዓይኔ ልጅቷ ላይ አረፈ።

ካረፈ በኋላ ሁሉም ነገር እየመጣ ይገጣጠም ጀመር። በዚያ ሳምንት አዲስ ጫማ ገዝታለች። ከወትሮው ዝም ብላለች። ስጠራት ትደነግጣለች። መኝታ ክፍላችን በር ላይ አንድ ቀን ቆማ አግኝቻታለሁ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባል የለ? ቀስ ብዬ ለባለቤቴ ነገርኩት። ነገ ጠዋት ላናግራት ወስኛለሁ አልኩት።

«ሐብሉን መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?» አለኝ።

«እሑድ። ከሠርጉ መጥተን ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት።»

«ስትከቺው አይተሽ ነው ወይስ መስሎሽ?»

ተናደድኩ። እኔን የሚመረምር መሰለኝ። ከእሷ ጎን የቆመ መሰለኝ። ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ። እንቅልፍ ግን እምቢ አለ። ያንን እሑድ ከመጀመሪያው ጀምሮ በአእምሮዬ መተረክ ጀመርኩ። ሳጥኑን ስከፍት ራሴን ለማየት ሞከርኩ። አልታይ አለኝ። ሁልጊዜ ስለምከተው እንጂ በዚያን ቀን ስለከተትኩት አልነበረም የማስታውሰው። ሌላ ነገር ግን መጣልኝ። መኪና ውስጥ ነን። አንገቴን ሞቆኛል። መቆለፊያው እምቢ እያለኝ ስታገል ይታየኛል።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ተነስቼ የሠርጉን ቀን ቦርሳ አወረድኩ። ባዶ ነው። ውስጡን በጣቴ ስዳብስ የገበሩ ስፌት አንድ ጥግ ላይ ተተርትሯል። ጣቴን ሰደድኩ። ቀጭን ቀዝቃዛ ነገር ነካኝ።

ልጅቷ ለምን ዝም እንዳለች በኋላ ነው የገባኝ። ሐብሉ የጠፋ ቀን ሳጥን ስገለብጥ «ቤት ውስጥ ማን አለ ታዲያ!» ብዬ ነበር። ሰምታኛለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈርታለች። ፍርሃቷን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ እኔው ተመልሼ ፍርሃቷን ማስረጃ አደረግኩት። ጫማውን የገዛችው በመጀመሪያ ደሞዟ ነው። ጠዋት ሐብሉ መገኘቱን ስነግራት «እሰይ» አለችና ወደ ሌላ ክፍል ገባች። ይቅርታ የጠየቅኳት ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ያን ያህል ቀን መፍጀቱ ዛሬም ይቆጨኛል።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ በቅርቡ ያነበብኩት የሰር ሃሪ ኦክስ ጉዳይ ነው። ልብ ወለድ አይደለም። ሟቹ ባለጸጋ ነው፣ መሃል ላይ ባልና ሚስት አሉ፣ ምርመራም አለ። የሚጎድለው መልሱ ብቻ ነው።

ኦክስ በ1874 አሜሪካ ሜይን ውስጥ ተወለደ። ወርቅ ፍለጋ አገር ላገር ከዓሥር ዓመት በላይ ዞሮ በ1912 ካናዳ ኪርክላንድ ሌክ ላይ ቀናው። ከዚያ ጉድጓድ ያገኘው ሀብት ለማመን የሚከብድ ነው። በ1930ዎቹ የካናዳን ግብር ሸሽቶ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ወደነበረችው ባሃማስ ገባና የደሴቶቹ ቀዳሚ ባለጸጋ ሆነ። ሐምሌ 1943 ዝናብና ንፋስ የበዛበት አንድ ሌሊት ላይ፣ ናሶ ከተማ አጠገብ ባለው የባሕር ዳር ቤቱ አልጋው ላይ እንዳለ ተገደለ። ከግራ ጆሮው ጀርባ አራት ቁስል ነበር። አስከሬኑና አልጋው በከፊል ተቃጥሏል። የትራስ ላባ ላዩ ላይ ተበትኗል። ያገኘው ሌላ ክፍል ያደረ ወዳጁ ነው፤ ሌሊቱን ምንም አልሰማሁም አለ።

የባሃማስ አገረ ገዢ በዚያን ጊዜ ማን እንደነበረ ስታውቁ ትገረማላችሁ። የዊንድዘር መስፍን ነው፤ ለፍቅር ሲል የእንግሊዝን ዙፋን የለቀቀው ንጉሥ። መስፍኑ ወሬው እንዳይወጣ ሊያፍነው ሞከረ፣ አልሆነለትም። ከዚያ ጉዳዩን ለአገሬው ፖሊስ ከመተውና ከለንደን መርማሪ ከመጥራት ይልቅ ማያሚ ስልክ ደወለ። ከዚህ በፊት ማያሚ ሲሄድ ይጠብቀው የነበረውን የማያሚ ፖሊስ መኮንን ካፒቴን ሜልቸንን ጠራ። ሜልቸን የአሻራ ባለሙያውን ባርከርን ይዞ በዚያው ቀን ደረሰ። ለአሻራ የሚሆን ካሜራ ግን ይዘው አልመጡም።

እዚህ ላይ ጥንድ መርማሪ አለላችሁ። ባልና ሚስት አይደሉም፣ ግን ሁለት ናቸው። ሁለት ቀን ሳይሞላ ሰው አሰሩ። የታሰረው የኦክስ አማች ነው፣ አልፍሬድ ደ ማሪኒ።

ደ ማሪኒ ለጥርጣሬ የተሠራ ሰው ይመስል ነበር። ከሞሪሺየስ የመጣ፣ ሁለቴ አግብቶ የፈታ፣ በሸራ ጀልባ መወዳደር የሚወድ ቆንጆ ሰው። የኦክስን የመጀመሪያ ልጅ ናንሲን ያገባት በግንቦት 1942፣ 18 ዓመት በሞላት በሁለተኛው ቀን፣ ወላጆቿ ሳያውቁ ነው። አባትየው አይወደውም። በሰው ፊት ተጨቃጭቀዋል። በግድያው ሌሊት እንግዶቹን ለማድረስ በዚያ ቤት አጠገብ በመኪና አልፏል። መርማሪዎቹ ክንዱን በማጉያ መነጽር ሲያዩት ፀጉሩ ለብለብ ብሏል። እሱ ማታ ለእንግዶች የፋኖስ ሻማ ስለኩስ ነው አለ።

አዲስ ጫማ። ዝምታ። በር ላይ መቆም። ይህን ዝርዝር ሳነብ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተጫነኝ። ሁሉም ይገጣጠማል። አንድ ጊዜ ዓይን ሰው ላይ ካረፈ ያልተገጣጠመ ነገር የለም።

ዋናው ማስረጃ አሻራ ነበር። ኦክስ አልጋ አጠገብ በቻይና አሠራር የተዋበ፣ የሚታጠፍ መከለያ ቆሞ ነበር። ባርከር ከዚያ መከለያ ላይ የደ ማሪኒን የትንሿን ጣት አሻራ አገኘሁ አለ። ካሜራ ስለሌለ አሻራውን እዚያው እንዳለ ፎቶ አላነሳውም። በማጣበቂያ ነገር ላጠው። አሻራ ሲላጥ ከመከለያው ላይ ይጠፋል፣ ተመልሶ አይታይም። የቀረው «እዚህ ነበር» የሚለው የባርከር ቃል ብቻ ነው።

የደ ማሪኒ ጠበቃ ጎድፍሬይ ሂግስ ይህችን ነገር ይዞ አልለቅም አለ። አሻራው በትክክል የነበረበትን ቦታ አሳየን ተባለ፤ ባርከር እርግጠኛ ሆኖ ማሳየት አልቻለም። ደግሞ ከመከለያው ላይ የተላጠ አሻራ የመከለያውን ገጽታ ይዞ መነሳት ነበረበት። ይህ አሻራ ያረፈበት ገጽታ ከመከለያው ጋር አይመሳሰልም። ታዲያ ከየት መጣ? ተከላካዮቹ መልስ ነበራቸው። ደ ማሪኒ ሲጠየቅ የውሃ ብርጭቆ እንዲያነሳ ተደርጎ ነበር፤ አሻራው ከዚያ የተወሰደ ነው አሉ።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። ከግድያው በኋላ ሁለቱ መርማሪዎች ቀብሩ ወደተፈጸመበት ወደ ሜይን አብረው ሄዱ። እዚያ ባርከር ለሟቹ ቤተሰብ አሻራው መገኘቱን ተናገረ። በኋላ ችሎት ላይ ሜልቸን ሲጠየቅ፣ እሱም ስለ አሻራው የሰማው ያኔ፣ ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብሎ እንደነበር አመነ። እስቲ አስቡት። አብረው ይሠራሉ፣ አብረው ይጓዛሉ፣ ስለ ጉዳዩ ያወራሉ። ሰው የሚያሰቅል ማስረጃ ግን አንዱ ለሌላው አልነገረውም። አንዱም «የት አገኘኸው? አሳየኝ» አላለም። እነዚህ ሰዎች ማታ ማታ ምን ይነጋገሩ ነበር?

አሁን ወደ ናንሲ ልመለስ። አባቷ ሲገደል አሜሪካ ነበረች። 19 ዓመቷ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ አባቷ ሞተ፣ ባሏ ታሰረ። ሁለቱ መርማሪዎች መጥተው ባሏ አባቷን እንዴት እንደገደለው በዝርዝር ነገሯት። እናቷ አመነች። ናንሲ አላመነችም። ሬይመንድ ሺንድለር የሚባል የታወቀ የግል መርማሪ ቀጠረች፤ የውሸት መመርመሪያ ሙያተኛው ሊዮናርድ ኪለርም ወደ ናሶ መጣ። ጥቅምት ላይ ችሎቱ ሲጀመር እናቷ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆነች። ናንሲ ለባሏ መሰከረች። ባሌ ከእኔ ገንዘብ ጠይቆኝ አያውቅም፣ አባቴን እጠላዋለሁ ብሎኝ አያውቅም አለች። እናትና ልጅ አንድ ሬሳ አልቅሰው በአንድ ችሎት ሁለት ወገን ቆሙ።

ኅዳር ላይ ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጦ ፍርድ የሚሰጠው ቡድን፣ ዘጠኝ ለሦስት በሆነ ድምፅ ደ ማሪኒን ነጻ አለው። ከደሴቶቹም እንዲባረር ጠየቀ። ለግድያው ሌላ ሰው ተከሶ አያውቅም።

መጀመሪያ ስጨርሰው ልቤ በናንሲ ሞላ። ለባለቤቴ ሦስት ማታ ተረኩለት። «ሚስት ታውቃለች» አልኩት። «ባሏን ታውቀዋለች፣ ስለዚህ እውነቱን አወቀች።» ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «ስንት ጊዜ አብረው ኖሩ?» አለኝ። ቆጠርኩት። ከጋብቻው እስከ ግድያው 14 ወር ገደማ ነው። እሷም በዚያ ሌሊት አልነበረችም።

አሁንም አሸነፈኝ፣ እውነቱን ነው። ሚስት ማመኗ ማስረጃ አይደለም። ባሎቻቸውን አምነው የተሳሳቱ ሚስቶች ስንት አሉ። ደ ማሪኒን ያዳነው የናንሲ ፍቅር ቢሆን ኖሮ እኔም እጠራጠር ነበር። ያዳነው አንድ አሻራ ከመከለያው ጋር አለመመሳሰሉ ነው። ናንሲ ያደረገችው ሌላ ነገር ነው፤ ማንም ሳያይ ሊያልፍ የነበረውን ነገር ሰዎች ቀርበው እንዲያዩት አደረገች። ሁሉም በተስማማበት ክፍል ውስጥ ብቻዋን «አልተስማማሁም» አለች፤ ከዚያ ማየት ለሚችሉ ሰዎች ሰጠችው። ትዳሩ ራሱ አልቆየም። በ1949 በሕግ ፈረሰ። ደ ማሪኒ በ1998፣ ናንሲ በ2005 ሞቱ። ትዳራቸው ባይቆይም ያኔ ያደረገችው ነገር በዓይኔ አያንስም።

ሁለቱም የሚጠራጠሩ ጥንዶች ሲገኙ ምን እንደሚሆን የሚያሳየኝ ሌላ ታሪክ ስላለ እሱን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ኤሊዘቤትና ዊልያም ፍሪድማን የተገናኙት አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ፣ አንድ ባለጸጋ በራሱ ግቢ ባቋቋመው የምርምር ማዕከል ነው። ባለጸጋው የሼክስፒርን ድርሰቶች የጻፈው ፍራንሲስ ቤከን እንደሆነ፣ ይህንንም በጽሑፉ ውስጥ በምስጢር ኮድ እንደደበቀ ያምን ነበር። ኤሊዘቤት የተቀጠረችው ያንን ኮድ ለማግኘት ለሚደረገው ሥራ ነው፤ ዊልያም የተቀጠረው ለዘር ውርስ ምርምር ቢሆንም በኋላ ወደዚያው ሥራ ገባ። ደሞዛቸው፣ መኖሪያቸው፣ ሁሉም ነገር በዚያ እምነት ላይ ቆሟል። ሁለቱ ወጣቶች የታተሙትን ፊደላት ባዩ ቁጥር ግን ሌሎች ኮዱን ይዟል የሚሉትን የፊደል ቅርጽ ልዩነት ማየት አቃታቸው። ኮዱ የለም። በ1917 ተጋቡ። ሁለቱም በዘመናቸው አሉ ከሚባሉ የምስጢር ጽሑፍ ፈቺዎች ተርታ ገቡ። ከተጋቡ ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1957፣ ያ የኮድ ወሬ ውሃ እንደማይቋጥር የሚያሳይ መጽሐፍ በጋራ አሳተሙ። ያንን ጥርጣሬ መጀመሪያ ቃል አውጥተው ለማን ተናገሩት? አሠሪህ ለሚያምነው ነገር ደሞዝ እየበላህ «እኔ አይታየኝም» የምትለው ለሚያምንህ ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ሹክ የሚሉት ሰው ማግኘት ለመርማሪ ትልቅ ሀብት ይመስለኛል።

የኦክስን ታሪክ የጨረስንበት ማታ ባለቤቴ እንደ ልማዳችን ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣ። ጽፈን አጣጥፈን አስቀመጥን። የእሱን ከፈትኩት። «ሰነድ ጎድሏል» ይላል። ሥራ ቦታ ሂሳብ መዝጋት ሲያቅተው የሚጽፈው ቃል ነው።

የእኔ ላይ ስም ነበር። የሰው ስም። ካነበብኩት ሁሉ ሰብስቤ፣ ይኼ ነው ያልኩት ሰው። ባለቤቴ ወረቀቱን አነበበና አየኝ። ምን እንደሚለኝ አውቄ ቀደምኩት። «መስሎኝ ነው» አልኩ።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ሰውየው ሞቷል፣ መልስ አይሰጥም። ወረቀቱን አራት ቦታ ቀድጄ ጣልኩት።

ያቺ ዘመዳችን ዛሬ የራሷ ቤት አላት። አሁንም ትጠይቀናለች፣ እንስቃለን፣ እንጫወታለን፣ ታድራለች። ቦርሳዋን ግን ይዛ ወደ ውስጥ አትገባም። ስትመጣ በሩ አጠገብ ወንበሩ ላይ፣ ሁላችንም የምናየው ቦታ፣ ታስቀምጠዋለች። ስትሄድ ከዚያው ታነሳዋለች።